ያልተነሳው አሸዋ

መስከረም 4

ለምወድሽ እትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ሰውነትሽ ጤና፣ ልብሽም የተረጋጋ ይሁን። ከሁሉ አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ሁላችንም በሕይወት አለን። እማዬም ደህና ናት። ከዚህ በኋላ ያለውን እንግዲህ ሳትደነግጪ አንብቢው።

ወንዙ ሞልቶ ሰፈራችን ገባ። የስልኩ ማማ ስለወደቀ ነው ድምፃችን የጠፋብሽ። ውኃው የመጣው ንጋት ላይ ነው። እኔ ለሥራ ላይኛው ከተማ አድሬ ነበር። እማዬ ከአልጋዋ ስትወርድ ጉልበቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ገባች። በሩ በጭቃ ተይዞ አልከፈት ሲላት፣ ጋሼ ልብስ ሰፊው በመስኮት ገብተው፣ «እመቤቴ፣ ዛሬ እንኳ እምቢ አይበሉኝ፣ ጀርባዬ ላይ ይውጡ» ብለው አዝለው አወጧት። በዚያ ዕድሜያቸው! እማዬ አሁንም ድረስ «ጎረቤት ሁሉ እያየኝ ሰው ጀርባ ላይ ወጣሁ» እያለች ታፍራለች። የባለወፍጮዋ ፍየል ደግሞ ጣሪያ ላይ ወጥታ፣ ውኃው ከሄደም በኋላ አልወርድም ብላ፣ ሰው በዚያ መከራ መሃል በእሷ ሲስቅ ሰነበተ።

ውኃው ሄደ፤ አሸዋው ግን ቀረ። መንገዱ ላይ እስከ መስኮት ደፍ ድረስ ተቆልሏል። የጋሼ ሱቅ በር ጨርሶ ተቀብሯል። ከስፌት መኪናቸው የሚታየው መዘውሩ ብቻ ነው።

አሁን የምሥራቹን ልንገርሽ። መሥሪያ ቤታችን ጎርፉ ያመጣውን አሸዋ የማስነሳቱን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። የትኛው መኪና ከየት ጭኖ እንደሚወጣ የምፈርመው እኔ ነኝ። ራስሽ ሳትለብሺ አልብሰሽ፣ ራስሽ ሳትማሪ አስተምረሽ ለዚህ አበቃሽኝ። ሰፈሩ ሁሉ «የኛ ልጅ ነው የያዘው፣ ተገላገልን» እያለ ነው።

ለእማዬ የጉልበቷን ቅባት ላኪላት፤ የነበራት ከጎርፉ ጋር ሄዷል። ለእኔም ከተቻለሽ የጎማ ቦት ጫማ። እማዬ «እጅሽ አይዛል፣ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ» ብላሻለች።

ታናሽ ወንድምሽ


መስከረም 29

ለወንድም ጋሻዬ፣

የጤናህን ነገር ዘወትር ለፈጣሪ እነግራለሁ፤ እሱም የሰማኝ ይመስለኛል። ደብዳቤህን ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የጎረቤቴ ልጅ «ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «እናቴ ሰው ጀርባ ላይ ወጣች» አልኳት። እብድ መሰልኳት መሰለኝ።

እኔ እዚያው ሆቴሉ ምድር ቤት ነኝ። ከመጋረጃና ከአስተናጋጅ ልብስ ጋር ስታገል እውላለሁ። የወጥ ቤቱ አለቃ በየሳምንቱ የሆዱን ቁልፍ በጥሶ ይመጣና «ልብሱ ጠበበ» ይለኛል። «ልብሱስ እንዳለ ነው» እለዋለሁ። ይስቃል፤ ደግሞ ይበጥሳል።

ይህን እንጀራ ያስያዙኝ ጋሼ መሆናቸውን አንተም ታውቃለህ። እግሬ ፔዳሉ ላይ ሳይደርስ ሳጥን ላይ አስቀምጠው ነው ያስተማሩኝ። ያንተን የትምህርት ቤት ልብስ በየዓመቱ ሲሰፉ «ኢንጂነር ሲሆን ይከፍለኛል» እያሉ አንድ ቀን እጃቸውን ዘርግተው አያውቁም። አሁን ደግሞ እማዬን ከሞት አወጡልን። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንህ፦ መጀመሪያ የእሳቸውን ደጅ አስጠርግላቸው። ሰው አዳላ ካለህ፣ «እህቴ ናት ያዘዘችኝ» በል፤ እኔ እዚህ ሆኜ ሐሜቱን እችለዋለሁ።

ቅባቱንና ቦቱን ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። ቦቱ ትንሽ ሰፊ ነው፤ በካልሲ ሙላው። እዚህ ለማውቃቸው ሁሉ «አሸዋውን የሚያስነሳው ወንድሜ ነው» እያልኩ ስጎርር ሰንብቻለሁ።

እህትህ


ኅዳር 20

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። መልሴ የዘገየው በሥራ ብዛት ነውና ይቅር በይኝ። ቦቱ ደርሶኛል፤ ግን አሁን ብዙ ጊዜ ጭቃ ውስጥ አልገባም፣ መኪና መድበውልኛል።

ሥራው ተጀምሯል። ጨረታውን ያሸነፈው ሰዉ ሁሉ «ባለ ገልባጩ» የሚለው ባለሀብት ነው። ሰው አክባሪ ነው፤ ቢሮ ሲገባ ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉንም በየስሙ ሰላም ይላል። የሰፈራችን ተራ ገና ነው። መጀመሪያ የወንዙን ሆድ ማጽዳት አለብን፣ አለዚያ ለሚመጣው ክረምት ውኃው መሄጃ ያጣል። ይህን ለሰፈሩ ሰው ማስረዳት ግን አድካሚ ነው። በተለይ ጋሼ ከቢሮዬ አልጠፋ አሉ። ሰው ፊት «አንተ ልጅ፣ የኛስ መቼ ነው?» ይሉኛል። በሆዴ አልያዝኩባቸውም፤ ሠራተኞቹ ግን ከኋላዬ ይስቃሉ። አንድ የመምሪያ ኃላፊ «አንተ ልጅ» ሲባል ጥሩ አይደለም።

ለእማዬ ከእንግዲህ ምንም አትላኪ። እስከዛሬ የለፋሽው ይበቃል፤ አሁን ለራስሽ ኑሪ። እኔ አለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 15

ለወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ጣቶቼ ውስጥ ገብቶ መርፌ አያስይዘኝም እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም።

«ምንም አትላኪ» ያልከኝን ሳነብ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እንዲህ የሚል ወንድም ስንት ሰው አለው? በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ምን እንደሆነ ሳላውቀው ቆይቼ፣ ባለፈው እሑድ ጋሼ በባለወፍጮዋ ስልክ ደወሉልኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ መቀሴ ሳይቀር ጠየቁኝና በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ወንድምሽ ደህና ልጅ ነው፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ግን መኪኖቹ በደጃችን ያልፋሉ እንጂ አይቆሙም። ከወንዙ ጭነው በቀጥታ ወደ ፎቅ ግንባታው ነው የሚሄዱት። የስፌት መኪናዬን በእጄ ቆፍሬ አወጣሁት እንጂ፣ እኛ አሁንም የምንገባው በመስኮት ነው። እስቲ አንቺ ጠይቂው፤ እኔን አይሰማኝም።»

ጋሼ በሰው እንደማይፈርዱ ታውቃለህ። ቀሚስ አስቀንሳ ሳትከፍል የጠፋችን ሴት እንኳ «ታማ ይሆናል» የሚሉ ናቸው። ስለዚህ እኔም ሳልፈርድ ልጠይቅህ። መንገዱ ላይ ያለው አሸዋ ለምን አልተነሳም? ከወንዙ የሚወጣው ንጹሕ አሸዋ የሚሸጥ ነው ወይ? የሚሸጠውስ ለማን ነው?

በስልክ ልጠይቅህ ነበር፤ በስልክ ግን ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነህ። በወረቀት ጊዜ ወስደህ መልስልኝ።

እህትህ


መጋቢት 22

ለተከበርሽ እህቴ፣

ደብዳቤሽ በወቅቱ ደርሶኛል። ሳልመልስ የቆየሁት ተናድጄ እንዳልጽፍልሽ ብዬ ነው።

አንቺ ባሕር ማዶ ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጠሽ፣ የማታውቂውን የወንዝ ሥራ በሰፈር ወሬ ትመረምሪኛለሽ ብዬ አልጠበቅሁም። መንገድ ላይ ያለው አሸዋ ከጭቃ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ማንም አይፈልገውም። ማንሳቱ ወጪ ብቻ ነው። ባለ ገልባጩ ደግሞ ነግዶ አዳሪ እንጂ በጎ አድራጊ አይደለም። ሥራው ደረጃ በደረጃ ነው። ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ነው። ይህ ይብቃሽ።

ጋሼን በሚመለከት ሌላ ሰው ሳይነግርሽ ልንገርሽ። ባለፈው ወር ወንበራቸውን ይዘው መጥተው መኪኖቹ የሚያልፉበት መሃል መንገድ ላይ ተቀመጡ። ሾፌሩ ቢለምናቸው፣ ዘበኛው ቢለምናቸው አልነሳም አሉ። ፖሊስ መጥቶ ወሰዳቸውና አንድ ሌሊት አሳድሮ ለቀቃቸው። እኔ አላሳሰርኳቸውም። አላስፈታሃቸውም ካልሽኝ እሺ፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ከወጡ በኋላ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «ደህና ዋልክ፣ ጌታዬ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ «አንተ ልጅ» ብለውኝ አያውቁም።

ሌላው፣ እማዬን ላይኛው ከተማ የተሻለ ቤት አግኝቼ አዛውሬያታለሁ። ያኛው ቤት ደረጃው ለጉልበቷ አልተስማማትም። ክረምቱ ሳይገባ መዛወሯ ጥሩ ሆነ። ሰፈሯን ትታ ስለመጣች ትንሽ አኩርፋለች፣ ትለምደዋለች።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 30

ወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። «ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጠሽ» ያልከኝን አልፌዋለሁ። የተማርከው ከዚያ ምድር ቤት በወጣ ገንዘብ መሆኑን የዘነጋኸው ስለተናደድክ ነው ብዬ ተውኩት።

ሌላውን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ትናንት እማዬን አናገርኳት። ገና «ሄሎ» ስል ምርቃቱን አወረደችው፦ «ልጄ፣ በስተርጅና ባለ ቤት ያደረግሽኝ፣ አንቺም የራስሽን ጣሪያ እይ! በሩ ሰፊ፣ ወለሉ ፊት ያሳያል። ወንድምሽ ሁሉን ነግሮኛል። ምድር ቤት ውስጥ ዓይንሽን አጥፍተሽ ያጠራቀምሽውን ለእኔ አፈሰስሽው!»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት። ከዚያ «አሜን» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? እናቴን ደስ ብሏት የሰማኋት ስንት ጊዜ ነው?

ምን ቤት ነው? ማን ሠራው? በምን? የእኔ ስም እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል? እማዬ ፊት ላዋርድህ አልፈለግሁም፤ ዝምታዬን ግን እንደ እሺታ አትቁጠረው።

እህትህ


ነሐሴ 9

ለእህቴ፣

ለመጨረሻው ደብዳቤሽ መልስ ሳልጽፍ በዚህ ወሬ በመምጣቴ አዝናለሁ። ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት ከባድ ዝናብ ጥሎ የወንዙ ዳር ተናደ። የሰፈራችን የታችኛው ረድፍ ከነቤቶቹ ወንዙ ውስጥ ገባ። የኛም የድሮው ቤት ሄዷል። የሆነው በቀን ስለነበር ሰዉ ጩኸት ሰምቶ ወጥቷል፤ የባለወፍጮዋ ወፍጮ ግን የለም። ጋሼም የሉም።

እሳቸውም ወጥተው ነበር። ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘዋቸው እንደነበር ይናገራሉ። የባለወፍጮዋ ልጅ የሠርግ ቀሚስ ሱቁ ውስጥ ቀርቶ ነበርና «የሰው አደራ ነው፣ አንዴ ልመለስ» ብለው እጃቸውን አስለቅቀው ገቡ። ወለሉ ከሥራቸው ከዳ። በማግሥቱ ከድልድዩ በታች ተገኙ።

ቀብሩ ላይ ሄጄ ከኋላ ቆሜ ነበር። ሰው እያየኝ መንገድ ለቀቀልኝ፤ ያከበሩኝ ይሁን የሸሹኝ አላወቅሁም። የተፈጥሮ አደጋ መሆኑን መሥሪያ ቤታችን በመግለጫ አሳውቋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር። እማዬ ታለቅሳለች፤ አታጽናናኝ ትለኛለች።

ወንድምሽ


ነሐሴ 27

ደብዳቤህ ሥራ ቦታ ነው የደረሰኝ። የማጠብበው ሱሪ እጄ ላይ እንዳለ አነበብኩት። ከዚያ ጨለማው የአንሶላ መጋዘን ገብቼ፣ ሰው እንዳይሰማኝ የታጠፈ ፎጣ አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። አባታችንን ቀብሬ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ካለቀስኩ በኋላ ደብዳቤዎችህን አውጥቼ ደግሜ አየኋቸው። አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። እማዬን ያዛወርካት በመጋቢት ነው። «ክረምቱ ሳይገባ» ብለሃል። እማዬ ያንን ደረጃ ዕድሜዋን ሙሉ ስትወጣና ስትወርድ ኖራለች፤ ጉልበቷም የታመመው ዘንድሮ አይደለም። ለምን በዚያ ሰሞን? ለምን ሰፈሯን ትታ እያኮረፈች፣ እንዲያ በጥድፊያ?

አንተ የወንዝ መሐንዲስ ነህ። ከሥሩ አሸዋው እየተዛቀ የወጣ ዳር በክረምት ምን እንደሚሆን አንተ ሳታውቀው ማን ያውቀዋል?

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፤ በስብሰባም በመግለጫም አታልፈኝም። ታውቅ ነበር?


መስከረም 18

እትዬ፣

እንደ ድሮው «እትዬ» ልበልሽ፣ አትከልክይኝ።

አውቅ ነበር ማለት አይደለም። ሠግቼ ነበር። መጋቢት ላይ ዳሩን ሄጄ አየሁት፤ ከሥር ተቦርቡሯል። ባለ ገልባጩን «ይብቃህ» ስለው «አንዴ የፈረምክ ሰው አሁን ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ፤ «እስከ ግንቦት ታገሥ» አለኝ። በዚያ ሳምንት እማዬን አወጣኋት። ለጋሼ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ እስከ ሱቃቸው ሄጃለሁ። ግን ብነግራቸው ለሰፈሩ ይነግራሉ፣ ሰፈሩ ለምን ይላል፣ ለምን ሲባል ፊርማው የእኔ ነው። ክረምቱ ቀላል ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን መርማሪዎች መጥተዋል። በሙስና ጠርጥረውኛል። ውንጀላ ነው፣ የተረጋገጠ ነገር የለም። ባለ ገልባጩ ስልኬን አያነሳም፤ አለቃዬ «እኔ የማውቀው ነገር የለም፣ የሚፈርመው እሱ ነው» ብሏል። እኔን ብቻ አጋፈጡኝ። ከዳተኞች ናቸው።

የሚይዙኝ በቤቱ ነው። በደመወዜ እንደማይሠራ ያውቃሉ። ይደውሉልሻል። «ለእናቴ ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ ገንዘቡን የላክሁት በሰው እጅ ነው» በያቸው። አንድ አረፍተ ነገር ናት። ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ? እኔ ያገኘሁት ሁሉ ያው ያንቺ ነው፤ ውሸት እንኳ አይባልም። ለእኔ ስትይ ባይሆን ለእማዬ ስትይ። ቤቱን ከወሰዱት የት ትገባለች? የድሮው ቤት የለም።

እግርሽ ሥር ወድቄ እለምንሻለሁ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 11

ወንድሜ፣

ጤና ይስጥህ፤ ይህን ከልቤ ነው የምልህ።

ደወሉልኝ። መርማሪዋ ሴት ናት፣ ድምፅዋ የደከመ ይመስላል። «በኋላ ልደውልልሽ» አልኳትና አስቀድሜ ላንተ ደወልኩ፤ እንድትሰማው ከእኔ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። አላነሳህም። ደጋግሜ ደወልኩ። ስለዚህ እማዬ ዘንድ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ያንን ቤት እኔ አልሠራሁልሽም» አልኳት።

«ምነው ልጄ? ወንድምሽ እኮ...»

«አውቃለሁ። ዋሽቶሻል። እኔም አሜን ስልሽ ዋሽቼሻለሁ።»

የወንበር ድምፅ ሰማሁ፤ ተቀመጠች መሰለኝ። 

«ታዲያ ከዚያ ያወጣኝ ለጉልበቴ አይደለም?»

«አይደለም።»

«እንደሚናድ አውቆ ነው?»

«ሠግቼ ነበር ይላል።»

«ለልብስ ሰፊው ነግሯቸዋል?»

ይህን ስትጠይቀኝ፣ ወንድሜ፣ ባንተ ፈንታ እኔ አፈርኩ። «አልነገራቸውም» አልኳት። ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ ለመርማሪዋ ደወልኩ። «ለቤቱ ገንዘብ ልከው ያውቃሉ?» አለችኝ። «ለትምህርቱ ልኬአለሁ፣ ለእናቴ መድኃኒት ልኬአለሁ፣ ለቤት አልላክሁም» አልኳት። «ወንድምዎ መሆኑን ያውቃሉ አይደል? ጊዜ ወስደው ማሰብ ይችላሉ» አለችኝ። እንዲህ ማለት ያለባት አልመሰለኝም፤ ያዘነችልኝ መሰለኝ። «አስቤበት ነው የደወልኩት» አልኳት። ስለ እማዬ መዛወርና ስለ ዳሩ የጻፍክልኝንም ነገርኳት። «ደብዳቤው አለዎት?» አለች። «አለኝ» አልኩ። እልካለሁ።

አለቃህና ባለ ገልባጩ ከዱኝ ብለሃል። ሊሆን ይችላል። ስለ እነሱም የማውቀውን ያንተን ቃል ነግሬያለሁ፤ ብቻህን እንዳትጋፈጥ ማድረግ የምችለው ይህን ያህል ነው። ግን እነሱ ላንተ ምንህ ነበሩ? ሲመችህ አብረውህ የበሉ ሰዎች ናቸው። ጋሼ እናትህን በጀርባቸው አዝለው ያወጡ ሰው ናቸው። እስከ ሱቃቸው ሁለት ጊዜ መሄድህን ስትነግረኝ የምጽናና መስሎህ ይሆናል። ባትሄድ ይሻለኝ ነበር። ደጃቸው ቆመህ፣ የስፌት መኪናቸውን ድምፅ እየሰማህ ነው የተመለስከው ማለት ነው።

እማዬ የት ትገባለች ብለህ ነበር። የሆነውን ባለወፍጮዋ ነገረችኝ፤ ላንተ ማንም የሚነግርህ ስለማይኖር እኔ ልንገርህ። ስልኩን በዘጋችብኝ ቀን እማዬ ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ፣ የቤቱን ቁልፍ በሩ ላይ ትታ፣ ቁልቁለቱን በእግሯ ወረደች። ቤት የፈረሰባቸው ሰዎች ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው የተጠለሉት። የጋሼ ባለቤት አንደኛ ክፍል ውስጥ ናቸው። እማዬ ቋጠሮዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«ልጅሽ ነው የላከሽ?» አሏት።

«ልጄ መምጣቴን አያውቅም።»

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ልትሰድቢኝ ከፈለግሽ ስደቢኝ ብዬ ነው። ሌላ መሄጃም የለኝም።»

አልሰደቧትም። ግቢም አላሏትም። ባለወፍጮዋ እንደምትለው ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ እማዬ በሩ ላይ ቆመች፣ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። በኋላ ግን ተነሥተው ፍራሻቸውን ወደ ጥቁር ሰሌዳው ገፋ አደረጉት። እማዬ በቀረው ቦታ አንሶላዋን አነጠፈች። እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። እማዬ ውኃ ትቀዳለች፣ እሳቸው ያበስላሉ፣ ሳህኑን ከፊቷ ያስቀምጡላታል።

ከዚህ በኋላ ለእኔ አትጻፍ። መጻፍ ከፈለግህ ለጋሼ ባለቤት ጻፍላቸው። «ሠግቼ ነበር» ብለህ ሳይሆን፣ ያየኸውን፣ ያየህበትን ቀንና ሳትነግራቸው የተመለስክበትን ምክንያት ጻፍላቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዱ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፣ እማዬም እዚያው ሆና ትሰማዋለች። እሳቸው «ደርሶኛል» ብለው በባለወፍጮዋ ስልክ ሲደውሉልኝ፣ ያን ጊዜ ለእኔ የምትልከውን ፖስታ እከፍታለሁ።

እህትህ